አመድና የብረት አር ያለበት ቤት ይጸናል ወይ?

በዚህ ዓምዳችን እንደተለመደው ወደ ቢሯችን ከመጡት ጥያቄዎች አንዱን መርጠን፣ ለብዙ ቤተሰብ ይጠቅማል ያልነውን መልስ ይዘን ቀርበናል። የዛሬው ጥያቄ እንደ ወትሮው ስለ ትምህርት ቤት ወይም ስለ ኩፓት ሆሊም አይደለም። ስለ ሲሚንቶና ስለ አርማታ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ከመጡት ቤተሰቦች የአንዱ አባት፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው፣ በጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቢሯችን መጡ። ከመርካዝ ክሊታ ወጥተው ቤት ለመግዛት የማሽካንታውን ወረቀት ጀምረዋል። ልጃቸው ደግሞ እዚሁ ቂርያት ጋት፣ በካርሜ ጋት ሰፈር፣ በግንባታ ሥራ ተቀጥሯል።

«ልጆቼ» አሉን ከተቀመጡ በኋላ፣ «እኔ ፊደል የቆጠርኩ ሰው አይደለሁም፤ ቤት ግን በእጄ ሠርቻለሁ። ልጄ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሲሚንቶው ውስጥ የከሰል አመድ ይጨምሩበታል ይላል። ከብረት ማቅለጫ የሚወጣውንም ጥራጊ ፈጭተው ይቀላቅሉበታል ይላል። እንጨቱ ሲነሳ ግድግዳው አረንጓዴ ሆኖ አየሁት ይላል። በአገራችን አመድ በደጅ የሚደፋ ነው። የብረት አርም ከምድጃው ሥር ተጠርጎ የሚጣል ነው። አመድ በዱቄት ይስቃል ሲባል ሰምቻለሁ እንጂ፣ አመድ ዱቄት ሲሆን አላየሁም። አዲስ መጤ ናቸው ብለው በአመድ ቤት ሊያስገቡን ነው ወይ? ዕዳውን ሃያና ሠላሳ ዓመት ስከፍል ቤቱ ይቆየኛል ወይ?»

እኛ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች እንጂ መሐንዲሶች አይደለንም። ስለሆነም «አባባ፣ ጥቂት ቀን ይስጡን» ብለን፣ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቅን፤ መጻሕፍትም አገላበጥን። ያገኘነውን መልስ እሳቸው ዘንድ ብቻ ማስቀረት አልፈለግንም። ምክንያቱም ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በግንባታ ሥራ ይውላሉ፤ ሁላችንም ደግሞ በአርማታ ቤት ውስጥ እንኖራለን።

በመጀመሪያ ሲሚንቶ ራሱ ምን እንደሆነ እንመልከት። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር አንድ ላይ ተፈጭተው፣ በትልቅ ምድጃ ውስጥ እስከ 1450 ዲግሪ ድረስ ተቃጥለው ነው። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል በውስጡ ታምቆ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ይወጣል። ለምድጃው የሚነደው ነዳጅም የራሱን ጭስ ይጨምራል። በዚህ ሁኔታ አንድ ቶን ተራ ሲሚንቶ ሲመረት 800 ኪሎ ገደማ ጋዝ ወደ ሰማይ ይወጣል። በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ከመቶ 7 እስከ 8 የሚሆነው ከሲሚንቶ የሚመጣ ነው። ይህ ጋዝ ምድርን ያሞቃል፤ የዝናብንም ወቅት ያዛባል። ዝናብ ወቅቱን ሲስት ምን እንደሚከተል ደግሞ ከገበሬ ልጆች የበለጠ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ከሲሚንቶው ከፊሉን በሌላ ነገር መተካት ከተቻለ ጭሱ ይቀንሳል ማለት ነው።

ከሚተኩት ነገሮች አንዱ አባባ የብረት አር ያሉት ነው። ፈረንጆች ስላግ ይሉታል፤ በዕብራይስጥ ሲጊም ይባላል። ነቢዩ ኢሳይያስም የተጠቀመበት ቃል ስለሆነ ቄሶቻችን ያውቁታል። በትላልቅ የብረት ፋብሪካዎች የብረት አፈር፣ የኖራ ድንጋይና ከከሰል የተሠራ ኮክ በረጅም ምድጃ ውስጥ አብረው ይቀልጣሉ። ብረቱ ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስላጉ ግን እንደ ወተት ስልባቦት ከላይ ይንሳፈፋል። ሙቀቱም 1500 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ የቀለጠ ስላግ ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ ተራ ድንጋይ ይሆናል፤ ለመንገድ ማንጠፊያ እንጂ ለሌላ ብዙም አይጠቅምም። በውሃ ድንገት ቢመታ ግን እንደ መስታወት ያለ አሸዋ ይሆናል። ያ አሸዋ በደንብ ተፈጭቶ ከተራ ሲሚንቶ ጋር ሲደባለቅና ውሃ ሲያገኝ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ይህንን ጠባዩን በ1862 ያወቀው ኤሚል ላንገን የተባለ ጀርመናዊ ነው። እንግዲህ ነገሩ ትናንት የተፈለሰፈ፣ በእኛም ላይ የሚሞከር አይደለም። በአውሮፓ ደንብ መሠረት የስላግ ሲሚንቶ የሚባለው ከመቶ 36 እስከ ከመቶ 95 ድረስ ስላግ ሊኖረው ይችላል። በሆላንድ አገር ባሕሩ መሬቱን እንዳያጥለቀልቅ የተሠራውና በ1986 የተመረቀው የኦስተርስኬልዴ ግድብ ታላላቅ ምሰሶዎች የተሠሩት በዚህ ሲሚንቶ ነው። የታሰበላቸውም የአገልግሎት ዘመን 200 ዓመት ነው። ስላጉ ብረት ሲሠራ አብሮ የሚወጣ በመሆኑ፣ ለማድረቅና ለመፍጨት የሚወጣው ጭስ በቶን ከ100 ኪሎ አይበልጥም ይባላል።

በእስራኤል የብረት አፈር የሚያቀልጥ እንዲህ ያለ ምድጃ የለም። ስለሆነም ስላጉ ከውጭ አገር በመርከብ ይመጣል። እዚሁ አገር የተገኘው ግን አመዱ ነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በአሽቀሎን፣ እንዲሁም በሐዴራ፣ በድንጋይ ከሰል መብራት እንዲያመነጩ የተሠሩ ጣቢያዎች አሉ። ከሰሉ ሲነድ ከጭሱ ጋር የሚበረውን ደቃቅ አመድ መሣሪያዎች ከጭስ ማውጫው ላይ ይይዙታል። በዕብራይስጥ ኤፈር ፔሐም ይባላል። እስከ 1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ድረስ ከዚህ አመድ የተወሰነው በመርከብ እየተጫነ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ይጣል ነበር። ይህ እንዲቀርና አመዱ በጥቅም ላይ እንዲውል የድንጋይ ከሰል አመድ አስተዳደር በ1993 ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ አመዱ ወደ ሲሚንቶ፣ ወደ ቤቶንና ወደ መንገድ ሥራ ገባ። እዚህ ላይ እናቶች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። ይህ አመድ የማድ ቤት አመድ አይደለም። የእንጨት አመድ ሲሚንቶ ውስጥ ቢገባ ያበላሻል፤ የከሰሉ አመድ ግን በኃይለኛ እሳት ውስጥ አልፎ እንደ መስታወት የሆነ ነው።

ለመሆኑ ይህ ነገር ለእኛ አዲስ ነው ወይ? አይደለም። በጎንደርና በአዲስ አበባ ተራችን እስኪደርስ ስንጠብቅ በቀን ሥራ ሲሚንቶ የተሸከምን ሁሉ «ፒፒሲ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ከረጢት እናውቀዋለን። ያ ሲሚንቶ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀላል ድንጋይ ተፈጭቶ የተቀላቀለበት ነው። እሳተ ገሞራ የተፈጥሮ ምድጃ ነው፤ ድንጋዩም የምድር አመድ ነው ማለት ይቻላል። በዚህም አገር ንጉሥ ሄሮድስ ከ2000 ዓመት በፊት የቂሳርያን ወደብ ሲያሠራ የእሳተ ገሞራ አመድ ከጣሊያን አገር፣ ከናፖሊ አካባቢ፣ በመርከብ አስመጥቶ ከኖራ ጋር በመቀላቀል በባሕር ውስጥ አስገንብቷል። ፍርስራሹን ዋናተኞች ዛሬም በውሃው ሥር ያዩታል። ወደ ቂሳርያ ጉብኝት የሚሄዱ ልጆቻችን ይህንን ቢጠይቁ መልካም ነው።

አባባ ይህንን ስናስረዳቸው በጥሞና አዳመጡና «ታዲያ እኛ የጣልነው የብረት አር ሁሉ ሲሚንቶ ነበር በሉኛ!» አሉ። አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እውነቱን ነገርናቸው። በአገር ቤት ምድጃ የሚወጣው የብረት አር ገና ብዙ ብረት የቀረበት፣ ቀስ ብሎም የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ሲሚንቶ አይሆንም። ነገር ግን ሌላም ነገር ነገርናቸው። በዓለም ላይ ያለው ስላግ ለሁሉ ግንባታ አይበቃም። የብረት ፋብሪካዎችም ቀስ በቀስ አሮጌ ብረት በኤሌክትሪክ ወደ ማቅለጥ እየዞሩ ነው። በእስራኤልም በድንጋይ ከሰል የሚመነጨው መብራት እየቀነሰ በመሄዱ አመዱ ቀንሷል። ስለዚህ ሊቃውንቱ አሁን የያዙት መንገድ የሸክላ አፈርን እስከ 800 ዲግሪ ገደማ አቃጥሎና ፈጭቶ ከኖራ ድንጋይ ጋር ሲሚንቶ ውስጥ መጨመር ነው። ይህን ጊዜ አጠገባቸው የተቀመጡት ባለቤታቸው ቀና አሉ። እሳቸው የወለቃ ሰው ናቸው፤ እናታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። «የተሰበረ ገንቦ ተወቅጦ ጭቃ ውስጥ ሲገባ እንደሚያጠነክር እናቴ ታውቅ ነበር» አሉ። እኛም የምንጨምረው አልነበረንም። ብረትና ሸክላ በአገራችን የተናቅንባቸው ሙያዎች እንደነበሩ ሁላችን እናውቃለን። የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች በጎንደር ነገሥታት ግንቦች ሥራ መካፈላቸውን ግን የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈውታል። ልጆቻችን ይህንን ሊያውቁት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ቤቱ ይጸናል ወይ?

ቤቶን የሚመዘነው በውስጡ በገባው ነገር ስም ሳይሆን በጥንካሬው ነው። በእስራኤል ደንብ ለምሳሌ ‹ቤት 30› የሚባል ቤቶን አለ። ይህ ማለት የትንሽ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ 3 ኩንታል እህል ያህል ክብደት ቢጫንበት የሚችል ማለት ነው። ይህንን ለማረጋገጥ ቤቶኑ በሚፈስበት ቀን ናሙና በትናንሽ ሣጥኖች ይወሰድና፣ በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ መሣሪያ እስኪደቅ ይፈተናል። አመድ ቢኖርበት ወይም ስላግ ቢኖርበት ከዚህ ፈተና ነጻ አይሆንም። በደንብ የተሠራ የስላግ ቤቶን እንዲያውም ጨው ያለበትን ውሃ በቀላሉ አያሳልፍም፤ በውስጡ ያለው ብረትም ቶሎ አይዝግም። ሲጠነክርም ብዙ ስለማይግል ወፍራም መሠረት ላይ ስንጥቅ ይቀንሳል። ልጁ ያየው አረንጓዴም ሻጋታ ወይም ብልሽት አይደለም። ስላግ ያለበት ቤቶን እንጨቱ ሲነሳለት ሰማያዊና አረንጓዴ መስሎ ይታያል፤ አየር ሲያገኝ በጊዜው ይጠፋል።

ነገር ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ጊዜና ውሃ ይፈልጋል። የስላግ ቤቶን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተራው ይልቅ ደካማ ነው። በ28 ቀን ይደርስበታል፤ ከዚያም በኋላ ባሉት ወራት እየጠነከረ ይሄዳል። በብርድ ወራት ደግሞ የበለጠ ይዘገያል። ስለዚህ የያዘውን እንጨት ያለ መሐንዲሱ ፈቃድ ቀድሞ ማንሳት አደጋ ነው። ገጹ እንዳይደርቅም ቢያንስ አንድ ሳምንት ያህል ውሃ እየጠጣ ወይም ተሸፍኖ መቆየት አለበት። በሥራ ቦታ አሽፓራ የሚሉት ይህንን ነው። በእኛ በላኪሽ አካባቢ የበጋ ፀሐይ ውሃ ያልጠጣ ቤቶን ፊቱ ይሰነጣጠቃል፤ ዱቄትም ይሆናል። አባባ ይህንን ወዲያው ተረዱት። «እንደ ጭቃ ቤት ነዋ!» አሉ። «ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ሳይቦካ የለጠፈው ሰው በክረምት ያለቅሳል።»

በዚህ ጉዳዩ ያለቀ መስሎን ነበር። አባባም መርቀውን ሊነሱ ሲሉ «ልጁም መጥቶ ቢሰማችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ጉልበቱ ተልጦ መራመድ ተስኖታል» አሉ። ምን እንደነካው ጠየቅን። «ቤቶን ላይ ተንበርክኮ ሲሠራ ነው፤ እሱስ ይድናል» አሉን።

ማታውን ወደ ቤታቸው ሄድን። የልጁ ሁለት ጉልበቶች ቆዳቸው ተቃጥሎ ጠቁሯል። እርጥብ ቤቶን ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተንበርክኮ ሲያስተካክል ሱሪው ርሶ እንደነበረ፣ መጀመሪያ ምንም እንዳልተሰማው፣ በኋላ ሲያቃጥለው ለአለቃው ቢነግር «ሥራው ይለቅና ታየዋለህ» እንደተባለ ነገረን። ወረቀት አልተሰጠውም። እሱም ቋሚ አያደርጉኝም ብሎ ፈርቶ ዝም ብሏል። በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፤ ወረቀቱንም ከብዙ ስልክ በኋላ አገኘን። በመጨረሻ ድኗል፤ ጠባሳው ግን ቀርቷል።

እኛም በዚያ ማታ ስንመለስ ያሰብነው ይህንን ነበር። አባባ ቤቱ እንዳይፈርስ ሲጨነቁ፣ ቤቱን የሚሠራው ልጃቸው አጠገባቸው ቆስሎ ተኝቷል። የፈሩት አመዱን ነበር፤ የጎዳቸው ግን ችኮላው ነው። ቤቱንም የሚያበላሸው ይኸው ችኮላ ነው። እንጨቱን ቀድሞ የሚያስነሳ፣ ውሃ ማጠጣቱን የሚያስቀር፣ ሠራተኛውንም ሳይታጠብ የሚያስውል አንድ ዓይነት ችኮላ ነው።

ስለዚህ በግንባታ ሥራ ላሉ ወገኖቻችን የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ተራም ይሁን ስላግ ያለበት ቆዳን ያቃጥላል። ሕመሙ የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ «አላመመኝም» ብላችሁ አትታለሉ። ውሃ የማያስገባ ጫማና ጓንት፣ እንዲሁም የጉልበት መከላከያ ሳታደርጉ አትንበርከኩ። ልብስ ከራሰ ወዲያው አውልቃችሁ ገላችሁን በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ ታጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ እየታጠባችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ሁለተኛ፣ የደረቀ ቤቶን ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል። በውሃ እያራሱ መቁረጥና ለአቧራ የተሠራ መሸፈኛ ማድረግ ያስፈልጋል። በሻርፕ መሸፈን አይበቃም።

ሦስተኛ፣ በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰ ከአሠሪው የቢጡዋሕ ለኡሚን ቅጽ 250 ጠይቁ። በዚህ ቅጽ ኩፓት ሆሊም ጉዳቱን እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ቆጥሮ ያክማችኋል። ለሐኪሙም ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን በግልጽ ተናገሩ፤ እንዲጽፈውም አድርጉ። ቅጹን የሚከለክላችሁ ካለ የትሉሻችሁን ቅጂ ይዛችሁ ሳትዘገዩ ወደ ቢሯችን ኑ።

አራተኛ፣ ውሃ አጠጣ ስትባሉ ሥራውን የልጅ ሥራ ነው ብላችሁ አትናቁት። የቤቱን ጥንካሬ የሚወስነው ይህ ነው።

ቤት ለሚገዙ ቤተሰቦች ደግሞ እንዲህ እንላለን። «ውስጡ አመድ አለበት ወይ?» ከማለት ይልቅ «በምን ጥንካሬ ተሠራ? ማን ፈተነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አዲስ ቤት ስትረከቡ ከሻጩ ጋር ያልተያያዘ መሐንዲስ ቢያየው ገንዘቡ አይቆጭም። በ1973 የወጣው የአፓርታማ ሽያጭ ሕግ ከሥራ ተቋራጭ ለሚገዛ ሰው የቤዴክ ጊዜ ሰጥቶታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የታየውን ጉድለት ሻጩ ማስተካከል አለበት። ጉድለቱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቅጂውንም አስቀምጡ። የአመዱ ጨረራ የሚያሳስባችሁም አላችሁ። ከምድር የወጣ የግንባታ ዕቃ ሁሉ ጥቂት የተፈጥሮ ጨረራ አለው፤ በእስራኤል ለዚህ 5098 የተባለ ደንብ ወጥቶለታል። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ማማዱ የልጆች መኝታ ከሆነ በየቀኑ መስኮቱን ከፍቶ አየር ማስገባት ነው።

አባባ ባለፈው ሳምንት ወደ ቢሯችን ተመልሰው መጥተው ነበር። የማሽካንታው ወረቀት ተፈርሟል። ልጃቸውም ወደ ሥራ ተመልሷል፤ አሁን የጉልበት መከላከያ አለው። እሳቸው ግን በየቀኑ ማታ «ዛሬስ ውሃ አጠጣችሁት ወይ?» እያሉ እንደሚጠይቁት ልጁ እየሳቀ ነግሮናል። እናንተም ማታ ልጆቻችሁ ከሥራ ሲመለሱ ስለ ደመወዛቸው ብቻ ሳይሆን ስለ እጃቸውና ስለ ጉልበታቸው ጠይቁ። በሚቀጥለው እትም በሌላ ጥያቄ እስክንገናኝ ድረስ ሰላም ሁኑ።